ደረቅ አሸዋ

አምና ሦስት ጓደኛሞች ሆነን በዩታና በአሪዞና ድንበር ያለውን የፓሪያ ሸለቆ በእግር ወረድነው። 61 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ቀን፣ ድንኳንና ስንቅ በጀርባ። ግራና ቀኙ ቀጥ ያለ ቀይ ገደል ነው፤ መንገዱ ራሱ ወንዙ።

የመጀመሪያው ቀን ማታ ወንዙ ዳር ለስላሳ አሸዋ አገኘን። ቦርሳቸውን ጣል ሲያደርጉ «እኔ እዚህ አልተኛም» አልኩ።

«እንዴ! ሰማዩ እኮ ጥርት ብሏል!»

«ቢጠራም።»

እያጉረመረሙ ተከተሉኝ። ከፍ ያለ ቦታ ወጥተን ድንጋይ ላይ አደርን። ጎርፍ የሚባል ነገር አልመጣም።

ጠዋት ወገባቸውን እያሹ ሲስቁብኝ ነገርኳቸው። የድሬ ልጅ ነኝ። ደቻቱ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ኳስ ተጫውተንበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በሌሊት እኛ ጋ ጎርፍ ሆኖ ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አንዱ የኛ ቡድን በረኛ ነበር።

ዝም አሉ።

በማግስቱ ማታ ከመጀመሪያው የባሰ የሚያምር አሸዋ አገኘን። ከሁሉም በላይ ሲያጉረመርም የነበረው ጓደኛዬ ሰማዩን ቀና ብሎ እንኳን አላየም። ቦርሳውን ሳያወርድ ዳገቱን ጀመረው።