ሃይማኖት የገዢዎች መሣሪያ ነውን?

በእምነት ላይ ከሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች መካከል በውጭው ዓለም ጎልቶ የሚሰማው የሳይንስና የሃይማኖት ግጭት የሚባለው ነው። በእኛ አገር የተማረ ሰው ዘንድ ግን፣ እኔ እስከታዘብሁት ድረስ፣ ዳርዊን ብዙ ሰው አላስካደም። የእኛ ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚርቀው በሌላ ምክንያት ነው። «ሃይማኖት ድኻው አንገቱን ደፍቶ እንዲገዛ ባለሥልጣናት የሚገለገሉበት መሣሪያ ነው» ይላል። ክሱ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ከወጣው ትውልድ የወረስነው ነው። ያ ትውልድ ደግሞ ቃላቱን ያገኘው ከማርክስ ነበር። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው ጽሑፍ ሃይማኖትን የሕዝብ ማደንዘዣ ማለቱን የማያውቅ የለም፤ እዚያው ላይ ሃይማኖት በመከራ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ ጭምር መሆኑን መጻፉን ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

አማኞች ለዚህ ክስ የምንሰጠው የተለመደ መልስ ደካማ ነው። «እነዚያ እውነተኛ ክርስቲያኖች አልነበሩም» እንላለን፤ ወይም «ስታሊንስ ስንቱን ፈጀ?» ብለን የሌላውን ጉድ እናወጣለን። የጎረቤት ኃጢአት ግን የእኛን አያነጻም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ሥልጣኑም የማይጠየቅ መሆኑን ሲደነግግ አንዱ ምክንያት አድርጎ ያቀረበው የተቀቡትን ቅባት ነበር። ቅባቱን የሰጠችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሰፊ መሬትም ነበራት። ይህን የሚክድ ሰው ስለ እውነት እመሰክራለሁ ሊል አይችልም።

ታዲያ ክሱ ያሸንፋልን? መጽሐፈ ነገሥት ላይ ያለውን የናቡቴን ታሪክ እናንሣ። ንጉሡ አክዓብ ከቤተ መንግሥቱ አጠገብ ያለውን የናቡቴን የወይን ቦታ ፈለገ። ናቡቴም የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ። (ርስት የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ ምን ያህል እንደሚከብድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።) ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ያደረገችውን ልብ በሉ። ወታደር አላከችም። ጾም አሳወጀች! ሕዝቡ በጾም ተሰብስቦ ሳለ ሁለት የሐሰት ምስክሮች ናቡቴ እግዚአብሔርንና ንጉሡን ሰደበ ብለው መሰከሩበት፤ በድንጋይም ተወገረ። መሬቱን አክዓብ ወረሰ። ጾሙም፣ ሸንጎውም፣ የእግዚአብሔርም ስም ለመሬት ቅሚያ ዋሉ።

ማርክስ ከመወለዱ ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት የሃይማኖትን መሣሪያነት እንዲህ አጋልጦ የጻፈው ማን ነው? ራሱ ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ነቢዩ ኤልያስም ወደዚያው የወይን ቦታ ሄዶ ንጉሡን ገዳይ አለው። እንደ እኔ እንደ እኔ የያዘውን እጅ መልሶ የሚቆርጥ ነገር መሣሪያ ብቻ ነው ሊባል አይችልም። ይህ የእግዚአብሔርን መኖር አያረጋግጥም፤ በእግዚአብሔር የማያምኑ ሰዎች ከእኛ ይልቅ ግፍን ሲጠየፉ አይቻለሁ። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፦ ቤተ ክርስቲያንን የምንከስበት ሚዛን ለእምነቱ ባዕድ አይደለም።

የፍልስፍና ተማሪ ግን ይህን ይዞ ወደ ፕላቶ ይመልሰናል። ሶቅራጥስ ኤውቲፍሮንን እንደጠየቀው፣ መልካም ነገር መልካም የሆነው ፈጣሪ ስለወደደው ነው ወይስ መልካም ስለሆነ ወደደው? የመጀመሪያውን ከመረጥን በፈጣሪ ስም የሚናገር ባለሥልጣን ያሻውን ሁሉ መልካም ሊያደርገው ነው። ሁለተኛውን ከመረጥን ደግሞ ከፈጣሪ በላይ ሕግ አለ ማለት ነው። ቶማስ አኩዊናስን የመሰሉ ሊቃውንት መልካምነት የእግዚአብሔር ባሕርይ ነው፤ ከእርሱ ውጭም በእርሱ ፈቃድ የተፈጠረም አይደለም ብለው ያስተምራሉ። ትምህርቱን እቀበለዋለሁ። ይበልጥ የሚያሳምነኝ ግን አብርሃም ስለ ሰዶም የተከራከረው ክርክር ነው። ከሃምሳ ጻድቃን ጀምሮ እስከ ዐሥር እያወረደ፣ የምድር ሁሉ ፈራጅ እንዴት ጻድቁን ከኃጥኡ ጋር ያጠፋል ብሎ ፈጣሪውን ሞገተ። ለመሞገት ድፍረት የሰጠው እምነቱ ነው።

ይህን ባስተማርሁበት ክፍል ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ወንድሙን ያጣ ተማሪ ነበር። «መምህር፣ በሁለቱም ወገን የሚባርክ ቄስ ነበረ። ኤልያስ የት ነበር?» አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን የረሸናቸውን፣ አርበኞችን ለማውገዝ እምቢ ያሉትን አቡነ ጴጥሮስን ጠቀስሁለት። በ1971 ዓ.ም. ደርግ የገደላቸውን ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ነገርሁት። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ምእመናኔን ትቼ አልሄድም ያሉ ሰው ናቸው። ተማሪው ስሞቹን ቆጠረ። «ሦስት» አለ።

ቀጥሎ የተናገረው ደግሞ ከማርክስ ክስ ሁሉ የከበደ ነው፤ ኤልያስ የመጣው ናቡቴ ከሞተ በኋላ ነው አለ።

እውነቱን ነው። ፍርዱ ለሟቹ አልደረሰም። እዚህ ላይ ክርስቲያን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ትንሣኤ ሙታን ነው። ማርክሳዊው ማደንዘዣ የሚለው ይህንኑ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አብዮት የሚክሰው በሕይወት ያሉትን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ዐዋጅ ለገባር መሬት ሰጠ፤ ዐዋጁ ሳይወጣ ለሞተው ገባር ግን ምን ሊሰጠው ይችል ነበር? ትንሣኤ ከሌለ የናቡቴ ፋይል አክዓብ እንደረታ ተዘግቷል ማለት ነው። እኔ ይህ ፋይል አልተዘጋም ብዬ አምናለሁ። ያልተዘጋ ፋይል ደግሞ ዝም አያሰኝም፤ ምስክር ይፈልጋል፤ ስም ይዞ መጠየቅን ይፈልጋል፤ የራስ ወገን ሆኖ የገደለውንም ገዳይ ማለትን ይፈልጋል።

ተማሪው ይህን አልተቀበለኝም። መመኘትና መኖር የተለያዩ ናቸው አለ። ካንት እ.ኤ.አ. በ1788 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ጉዳይ የጻፈውን ክፍል ሰጥቼው እያነበበ ነው፤ ክርክራችን ገና አላለቀም።