ማክሰኞ ማን ያበላል?

መቼም የአዲስ አበባ ሰው በመስጠት አይታማም። ለፋሲካ በግ ይጎትታል፣ ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው ኬክ ያስጭናል፣ የአባቱን ተዝካር ሲያወጣ ድግሱን እንዳለ ወደ አረጋውያን መርጃ ይወስዳል። ችግሩ ሁላችንም በአንድ ቀን ደግ መሆናችን ነው።

እኛም ከዚያው ሕዝብ ነን። አያታችን በሕይወት ሳሉ አቃቂ በነበረው ግቢያችን በየዓመቱ ኅዳር 12 የሚካኤልን ዝክር ያዘጋጁ ነበር። ጠላ ተጠምቆ፣ ድፎ ተደፍቶ፣ ጎረቤቱም ነዳያኑም በአንድ ድንኳን ይበሉ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባን በኋላ ግን ድንኳኑ የት ይተከል? ደረጃው ላይ? ድሮ ነዳያን ወደ ዝክር ይመጡ ነበር፤ ዛሬ ዝክሩ በታክሲ ተጭኖ ወደ ነዳያን ይሄዳል።

መጀመሪያ የሄድነው በ2010 ዓ.ም. መቄዶንያ ነው። ቢኒያም በለጠ በ2003 ዓ.ም. ገደማ በወላጆቹ ቤት ጥቂት አረጋውያንን ሰብስቦ የጀመረው ይህ ማኅበር ዛሬ ከ7,000 በላይ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይጦራል። ከቃሊቲ በቀላል ባቡር ተሳፍረን፣ ስታዲየም ወርደን ቀይረን፣ ድፎውን በነጠላ እንደ ሕፃን አቅፈን አያት ደረስን። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የምንሄደው እዚሁ ቃሊቲ ወዳለች፣ 28 ሰዎች ወደሚኖሩባት ትንሽ መጠለያ ነው። ቴሌቪዥን አያውቃትም።

አምና እናታችን ከዝክሩ በፊት ደወለች።

«እህቴ፣ ምን ጎደላችሁ?»

ተንከባካቢዋ ትንሽ ዝም አለች። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ እንጂ!»

«የአዋቂ ዳይፐር፣ በረኪናና ጓንት።»

አባታችን ሰምቶ ተቆጣ። «ለሚካኤል ዝክር በረኪና?»

«ሚካኤል በረኪና አልፈልግም አለህ?» አለችው።

በመጨረሻ ድፎውም በረኪናውም ሄደ። እስቲ አስሉት፦ የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ዳይፐሩ በቀን ቢያንስ ሦስቴ መቀየር አለበት። እንዲህ ያሉ አሥር ሰዎች ካሉ በወር 900 ነው። በፋሲካ ዕለት ሦስት በግ በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ፍሪጁ ግን አንድ ነው። አንድ ረቡዕ የልደት ክትፎ መጥቶ ነበር አሉን፤ ከአረጋውያኑ የሚበዙት ጾመኞች ናቸው። ማክሰኞ ደግሞ ሽሮ ነው፣ እሱም ዱቄቱ ካለ።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ እንምጣ። ለመስጠት ነው የምንሄደው እንላለን፤ አባታችን ግን ለመፈለግም ነው የሚሄደው። ታላቅ ወንድሙ፣ አጎታችን፣ አማኑኤል ሆስፒታል ይታከም ነበር። በ1998 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ፖሊስ ጣቢያ፣ የየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ እንጦጦ ማርያም፣ ሸንኩራ ዮሐንስ ጠበል ድረስ ተፈለገ። ስለዚህ አባታችን መጠለያ ሲገባ ወንዶቹን በየተራ እጅ ይነሳል። ለማያውቅ ሰላምታ ይመስለዋል። ሃያ ዓመት ገደማ ፊትን ይለውጣል፤ እሱ የሚያየው ግራ ጆሯቸውን ነው። የአጎታችን ግራ ጆሮ ጫፉ የለም።

ባለፈው አንድ ሽማግሌ የአባታችንን እጅ ይዘው አልለቅ አሉ። በሌላ ሰው ስም ጠሩትና «መጣህ?» አሉት። የልጃቸው ስም ይሁን የወንድማቸው፣ ተንከባካቢዋም አታውቅም። አባታችን «አቤት፣ መጣሁ» አለና እስከ ዘጠኝ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጠ።

የቪዲዮው ነገር የሚያከራክረን እዚህ ላይ ነው። አንዳንዱ ጎብኚ ማንኪያውን ከሽማግሌው አፍ ሳያደርስ ስልኩን ያወጣል። ጋዜጠኝነት የተመረቅነው እኛ ይህ ያንገበግበናል። ፈቃድ መስጠት የማይችልን ሰው፣ ያውም ምራቁ አገጩ ላይ እየወረደ፣ ለቲክቶክ ማቅረብ ነውር ነው ብለን እንከራከራለን። አባታችን ደግሞ ማታ ማታ መነጽሩን አድርጎ እነዚያኑ ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ያያል። ጠፍቶ የኖረ ሰው በቪዲዮ ታይቶ ከቤተሰቡ ሲገናኝ ስንቴ አይተናል። «እናንተ ነውር ነው ብላችሁ ያስቀራችሁት ምስል ውስጥ ወንድሜ ቢኖርስ?» አለን። ምን እንመልስለት?

የመለስንለት በሥራ ነው። ሰው ሲበላ አንቀርጽም፤ ለሰጪም ምስጋና የሚሆን ፎቶ አናነሳም። ለመዝገብ ግን፣ ታጥበውና ለብሰው፣ ሊነሱ የወደዱትን ብቻ እናነሳለን፤ የተገኙበትን ቦታና ቀን፣ ምልክት ካላቸውም እሱን እንጽፋለን። ዘመዱን ለሚፈልግ ሰው ከቢሮው ሳይወጣ ይታያል። በከተማው ያሉ መጠለያዎች ሁሉ እንዲህ ያለ መዝገብ ይዘው ቢለዋወጡ፣ ፈላጊ ከየካ እስከ አቃቂ በየበሩ ባልዞረ ነበር።

የምንሄደው በየማክሰኞው፣ ከሥራ በኋላ ነው። ከ28ቱ 19ኙ ስማቸውን ይናገራሉ። አንዱ የሚጠሩት በተገኙበት ቦታ ስም፣ «መናኸሪያ» ተብለው ነው። እናታችን ይህን ስም አልወደደችውም፤ እስካሁን አምስት ስም ሞክራላቸው ለአንዱም ዞር አላሉም። በሚቀጥለው ማክሰኞ የምንወስደው 2 ካርቶን ዳይፐር፣ 5 ሊትር በረኪናና 10 ኪሎ የሽሮ ዱቄት ነው።