60፣ 80፣ 100

ጀሞና ለቡ አካባቢ መሠረት በሚወጣበት ግቢ ስታልፉ ግንበኛውን ቆም ብላችሁ እዩት። ሲባጎ ይወጥራል፤ ከማዕዘኑ ጀምሮ በአንዱ ሲባጎ 60 ሳንቲ፣ በሌላው 80 ሳንቲ ለክቶ ምልክት ያደርጋል። ከምልክት ወደ ምልክት ሜትሩን ሲዘረጋ 100 ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው። ከበለጠ ማዕዘኑ ተከፍቷልና ሲባጎውን ወደ ውስጥ ያስጠጋል፤ ካነሰ ወደ ውጭ።

ልጆቻችን ለፈተና የሚሸመድዱት የፓይታጎረስ ሕግ ይኸው ነው! የ60 ካሬ 3,600፣ የ80 ካሬ 6,400፤ ድምሩ 10,000፣ እሱም የ100 ካሬ።

የእህቴን ልጅ ይህንኑ ሳሎን ወለል ላይ በክርና በሜትር አሠራኋት። ክሩ ሲረግብ ልኬቱ ተዛባባት፤ ለምን እንደተዛባ ራሷ ደረሰችበት። ከዚያ በኋላ ነው ስልኬ ላይ ጂኦጀብራን የከፈትኩላት። ኦስትሪያዊው ማርኩስ ሆሄንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው፣ ተማሪ በነጻ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ነው፤ ስልክ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የሦስት ማዕዘኑን ጫፍ በጣቷ ስትጎትተው የማዕዘኑ ዲግሪ አብሮ ሲቀያየር ዓይኗን መንቀል አቃታት።

እኔ ግን በቅደም ተከተሉ አልደራደርም፦ መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ ስክሪን። ስክሪኑ መስመሩን ቀጥ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ክሩን ግን ልጁ ራሱ መወጠር አለበት።

የሒሳብ መምህራን፣ እባካችሁ ሲባጎና ሜትር ይዛችሁ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አውጡልን። በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ወላጆችም ቤት ስትገቡ ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ማዕዘን አውጡ።