የጠፋው 50 ኪሎ ሜትር

እኛ ሁለት የሐዋሳ ልጆች ነን። ጋዜጠኝነት ስንማር "ቁጥር ሲነገራችሁ አጣሩ" ተብለን ተመርቀናል። እናላችሁ ባለፈው ዓመት ለሳይክላችን ኮምፒውተር ልንገዛ ተማከርን። በጂፒኤስ የሚሠራው ከኪሳችን በላይ ሆነ። ስልክ መሪው ላይ ማሰር ደግሞ ሌባን "ና ውሰደኝ" ማለት ነው። ለሁለታችን አንድ ባለ ገመዱን ገዛን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የፊት ጎማው ሽቦ ላይ የታሰረች ማግኔት በዞረች ቁጥር አንድ ይቆጥራል፤ ያንን በጎማው ዙሪያ ርዝመት ያባዛል። በቃ!

የአንዳችን ታላቅ ወንድም ሰማና "1,250 ኪሎ ሜትር ከሞላችሁ አሳ በእኔ" አለ። እልህ ያዘን። ማለዳ በሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል፣ ማታ በታቦር ተራራ ሥር፤ "ሴቶቹ፣ ወዴት ነው?" ለሚለን ሁሉ መልስ ሳንሰጥ ዓይናችንን ቁጥሩ ላይ ተክለን ነዳን። ሞላ። አሳውም ተበላ።

በኋላ ባትሪ ስንቀይር ነው ጉዱ የወጣው። ለካ የጎማው ዙሪያ ተብሎ የተሞላው 2,136 ሚሊ ሜትር ኖሯል፤ የቀጭን ትልቅ ጎማ ልክ! የእኛ ባለ 26 ነው። ጎማውን በጠመኔ ምልክት አደረግንና አንዳችን ተቀመጠችበት (ሰው ሲጫነው ጎማው ትንሽ ይረግባል)፤ አንድ ዙር ገፍተን በሜትሮ ለካን፤ 2,050። አሰላነው፤ 1,250ው 1,200 ሆኖ ቁጭ አለ።

ወንድሟ እስካሁን አልሰማም። አንዳችን "እንንገረው" ትላለች፤ ሌላዋ "መጀመሪያ 50ውን እንንዳ"። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንወጣለን።