ፔጆው ከተገዛ በኋላስ?

መኪና የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ከግዢው በኋላ ስለሚመጡት ዐሥር ዓመታት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «ባሕር ዳር አዲስ የምትመስል ፔጆ 301 አግኝቻለሁ፤ ጋሼ፣ አብረን እንያት» አለኝ። የእርሱና የባለቤቱ የሦስት ዓመት ዕቁብ፣ ከቁጠባና ብድር ማኅበር የሚበደሩትም ጭምር እዚያ ላይ ሊውል ነው። ነገሩ ቀልድ አይደለም።

እኔን የጠራኝ መካኒክ ሆኜ ሳይሆን ፔጆ ባለበት ቤት ስላደግሁ ነው። አጎቴ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር 504 ነበረችው። 504 እ.ኤ.አ. በ1968 ወጥታ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የተሠራች መኪና ናት። ታላቋ 404 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 አሸንፋለች፤ 504 ደግሞ በ1975ና በ1978። አውሮፓ ውስጥ መሠራቷ ከቆመ በኋላ እንኳ በናይጄሪያና በኬንያ እስከ 2000ዎቹ ዓመታት ስትገጣጠም ቆይታለች።

ምስጢሩ ምን ነበር? ሞላዋ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ ጎማዋ ጉድጓዱን እየተከተለ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ተሳፋሪው ግን ብዙም አይንገላታም። ካርቡራቶሯን በካቻቢቴ ፈትቶ በቤንዚን ማጠብ ይቻላል። የአገራችን መካኒክም አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ሳያውቅ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ እያለ በጣሊያንኛ ስም ጠግኗታል። አጎቴ ሞተሯን ሁለት ጊዜ አስወርዷል፤ ሁለቱንም ጊዜ መለዋወጫው ተገኝቷል። እንግዲህ ያን ያህል ዕድሜ የሰጣት ፋብሪካዋ ብቻ አልነበረም፤ መካኒኩና የመለዋወጫ ሱቁም ጭምር እንጂ።

ወደ 301 እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣች የቤተሰብ መኪና ናት። በአገራችንም ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከጀመረው ጦርነት በፊት በትግራይ ክልል በመስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ አማካይነት ፔጆዎች ይገጣጠሙ ነበር።

ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ በሜዳ ደግሞ መኪና ሁሉ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ባለመኪናውን አስፈቅደን፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን፣ ከወረታ በአለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር አወጣናት። ይህ ወደ 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት ማለት ነው። የፊዚክስ ሠልጣኞች እንደምታውቁት ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ተራ የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል። በከተማችን ከፍታ፣ በ2700 ሜትር ገደማ፣ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን መያዝ ካቃተው ውኃው ቶሎ ይፈላል። የአጎቴ መኪና እዚህ ስትደርስ ቤንዚኑ ለአየሩ እየበዛባት ካንዴላዋ ይጠቁር ነበር፤ የ301 ኮምፒዩተር ግን ልኩን ራሱ ያስተካክላል። እውነቱን ለመናገር ዳገቱን ደኅና አድርጋ ወጣችው። ጭስ የለ፣ ሙቀት የለ። ባልደረባዬ ፊቱ በራ።

ማታ ቡና ላይ ግን ባለቤቱ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «እሺ ጋሼ፣ ጥሩ መኪና ናት። ከገዛናት በኋላ እጃችን ላይ ስንት ይቀራል?» የሒሳብ መምህርት ናትና ወረቀት አውጥታ ደመረች፣ ቀነሰች። የሚቀር አልነበረም።

ጥያቄዋ የነገሩ ሁሉ ሥር ነው። 504 ካምሻፍቷን የምታዞረው በሰንሰለት ነበር፤ ያየናት ባለ 1.6 ሊትር 301 ግን በቺንጋ ታዞራለች። ቺንጋው በጊዜው ካልተለወጠ ሊበጠስ ይችላል፤ ከተበጠሰም ቫልቭና ፒስተን ተጋጭተው ሞተሩ ይበላሻል። ሻጩ መቼ እንዳስለወጠው የሚያሳይ ወረቀት አልነበረውም። የኮምፒዩተሯን ጉድለት የሚያነብ መሣሪያና የሚያውቅበት ባለሙያም ያስፈልጋል። በዚህ ላይ መንግሥት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ አግዷል። ቁጥሩ ለማይጨምር መኪና መለዋወጫ የሚያከማች ነጋዴ ብዙ አይደለም። ያረጀ ቶዮታ ያን ያህል የሚወደደውም ገዢው በየከተማው ላለው መለዋወጫ ጭምር ስለሚከፍል ነው።

ባልና ሚስቱ መክረው የቺንጋው ማስለወጫና መጠባበቂያ የሚተርፍበትን ዋጋ ለሻጩ አቀረቡ። አልተስማማም፤ እነርሱም ተዉት። ባልደረባዬ ዛሬም ባጃጅ ይጠብቃል፤ አንዳንድ ቀን ይቆጨዋል። ዕቁቡ ግን አልተበተነም።

ውድ ሠልጣኞች፣ ነገ ደመወዝተኛ ስትሆኑ ይህ ጉዳይ በእናንተም ይደርሳል። ሞተሩን ጠዋት ሳይሞቅ አስነሡት። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ዳገት አስወጡት። ከዚያ በፊት ግን በአካባቢያችሁ ማን እንደሚጠግነው፣ ዕቃውስ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ፤ ከዋጋው ላይም ለጥገና የሚሆን ለዩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ መኪና ላይ ግን የፈሰሰው ገንዘብ አይለቀምም።