ጋዙን ማን ይጽፈዋል?

ለሳይንስ ዘገባ ክፍል የሚሆን ጽሑፍ ላዘጋጅ ስለ ግራፊን ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ሁሉ ስለ ስስነቱና ወደፊት ይሠሩበታል ስለሚባሉት ተጣጣፊ ስልኮች ያወራል። ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ ነው፤ እሺ፣ ይደነቅ። እኔን የያዘኝ ግን አሠራሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስስ የመዳብ ወረቀት እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አግለው፣ ሚቴንና ሃይድሮጂን እያሳለፉበት ግራፊን አሳደጉ። ካርቦኑ የሚመጣው ከሚቴኑ ነው። ሃይድሮጂኑስ? እሱ ሁለት ፊት አለው፤ ንጣፉ እንዲያድግ ያግዛል፣ ሲበዛ ደግሞ ያደገውን መልሶ ይበላል። መጠኑ ሲለዋወጥ የክሪስታሉ ቅርጽ ሳይቀር ይለወጣል።

ጣጣው፣ አንዱ ላቦራቶሪ የተሳካለት ሌላው ጋ እምቢ ማለቱ ነው። (እንጀራስ ቢሆን፣ ያው ሊጥ ሌላ ቤት ሲጋገር ዓይን አላወጣ ይል የለ?) በ2013 የወጣ ጥናት፣ መዳቡ ላይ ኦክስጅን ሲኖር በቁጥር ያነሱ፣ ግን እስከ ሴንቲሜትር የሚደርሱ ክሪስታሎች እንደሚያድጉ አሳየ። በ2024 ደግሞ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲና ከሞንትሪያል የመጡ ተመራማሪዎች፣ እድገቱ ላይ ከጋዙ ጋር ሾልካ የምትገባ ኢምንት ኦክስጅን ሥራውን እንደምታዘገይና እንደምታበላሽ ደረሱበት። እሷን ሲያስወጡ ውጤቱ በተደጋገመ ቁጥር አንድ ዓይነት ሆነ። ስንት ሰው ይሆን ያቺን ኢምንት ሳይመዘግብ «አልሠራልኝም» ብሎ የተወው?

ክፍል ውስጥ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት እንላለን። እኔ «በምን አየር ውስጥ» የሚል ጨመርኩበት። አብራኝ የምታርመው ጓደኛዬ «የጋዙን አንቀጽ ቁረጠው፣ አንባቢ ይሰለቻል» አለችኝ። የቆረጥኩት የስልኮቹን ነው።