ከደጃፉ ወዲያ

ጉለሌ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ያለ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው። ሌሊት የጅብ ድምፅ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብዙ ሰው በግቢው ውሻ ያሳድጋል። የወላጆቼን ግቢ የሚጠብቀው ቡቺ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ ሳይጮህ የሚያሳልፈው እንግዳ የለም።

ባለፈው ጥቅምት እህቴ ስለወለደች ከምኖርበት ከሙኒክ ልጠይቃት ሄድኩ። ገና የወለደች ሴት አራስ ትባላለች። አራስ ጠያቂ ይበዛላታል፤ የሚገባው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ ገንፎም ይቀርባል። ቡቺ ግን ከጓሮ ታስሮ ያላዝን ነበር።

እናቴ፣ «አራስ ባለበት ቤት ውሻ ምን ያደርጋል? ለጎረቤት እንስጠው» አለች።

እህቴም፣ «እማዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠብቆናል። ዛሬ የት ይሂድ?» አለቻት።

እናቴ ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው ከደጃፉ እንዳያልፍ» አለች።

ሙኒክ ውስጥ ውሻ ባቡር ይሳፈራል፣ ሳሎን ውስጥም ይተኛል። ልጅ ሲወለድ ወላጆች በክፍሉ በር ላይ አጭር መዝጊያ ይገጥማሉ። ጉለሌ ግን ደጃፉ ራሱ ድንበር ነው። ቢሆንም ድንበር ብቻውን አይበቃም፤ ውሻው ሕፃኑን ቀስ በቀስ መልመድ አለበት።

መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ቡቺን ከተበው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነውና ይህ አይታለፍም። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሕፃኑ የተጠቀለለበትን ጨርቅ አሸተትነው። ከዚያ እህቴ ጠዋት በረንዳ ላይ ልጇን ፀሐይ ስታሞቅ፣ እኔ ቡቺን በገመድ ይዤ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ጸጥ ሲል ቁራሽ ዳቦ እሰጠዋለሁ፤ ሲቁነጠነጥ ወደ ኋላ እንመለሳለን። በየቀኑ ጥቂት እርምጃ ቀረብን።

የድመቷ ነገር ግን ሌላ ነበር። ድመት ደጃፍ አታውቅም፤ ሙቀት ያለበት ገብታ ትተኛለች። ሕፃን ደግሞ ፊቱ ላይ የተኛበትን ነገር መግፋት አይችልም። ስለዚህ ሕፃኑ ሲተኛ የአራሷ ክፍል በር ይዘጋ ነበር።

እናንተም ሕፃን ይዛችሁ ወደ አያት ቤት ስትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ውሻው ተከትቧል?» «ከሕፃኑ ጋር ማን አለ?» የሁለተኛው መልስ ሁልጊዜ የአዋቂ ሰው ስም መሆን አለበት። ውሻው የቱንም ያህል ጨዋ ቢሆን፣ ሕፃን ከእንስሳ ጋር ብቻውን አይተውም።

በሦስተኛው ሳምንት ቡቺ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ተኝቶ ሕፃኑ ሲያለቅስ ጆሮውን ብቻ ያቆም ነበር። እናቴም ከገንፎው ድስት የተረፈውን ማቅረብ ጀመረችለት፤ ያውም ከደጃፉ ወዲያ።